የሰረዙት መስመር ይነበባል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ፣ በአንድ የወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። 13 ዓመት አስተምሬ ወደ አስተዳደር ከገባሁ 5 ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ለ12ኛ ክፍል ፈተና ካስቀመጥናቸው 96 ልጆች ያለፈ አንድም የለም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት መለኪያ አረቄ ካልቀመስኩ ዐይኔ አይከደንም፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ እነቃለሁ። በወረዳው ግምገማ ላይ በሰው ፊት አቁመው «ለምን?» አሉኝ። ገበያ ስወጣ ወላጆች መንገድ የሚቀይሩብኝ ይመስለኛል። ለባለቤቴ ምንም አልነገርኳትም።

መምህራኖቼም ተሰብረዋል። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከጤፍ አልፎ አልደርስ ብሏቸው አራቱ ሥራ ለቀቁ፤ የቀሩት የእነርሱን ክፍለ ጊዜ ደርበው ይይዛሉ። ባለፈው ሐሙስ የጂኦግራፊ መምህሯን በማረፊያ ክፍል፣ በተማሪዎች ደብተር ላይ አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ አገኘኋት። የምላት ጠፍቶኝ በሩን መልሼ ዘጋሁት። እኔ ራሴ ሳልቆም እነርሱን እንዴት ላቁም? ይህ የእብደት መጀመሪያ ይሆን?

ር. መ.፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን በእጅ ስለጻፉት በሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር እንደሰረዙ አየሁ። ከላይ አላተምነውም፤ እኔም አልደግመውም። ነገር ግን ይነበባልና ከእርሱ ልጀምር። እንዲህ ያለ ሐሳብ እጅግ በደከመ ሰው ላይ ይመጣል። የእምነት መጉደል ወይም የወንድነት ማነስ ምልክት አይደለም፤ ሕመም ሲበረታ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ሲታከሙትም ይሄዳል። ብቻዎን ግን አይያዙት። ዛሬ ማታ ለባለቤትዎ ይንገሯት። ቃል ከጠፋዎ ይህን ገጽ ይስጧት። ሐሳቡ ከበረታብዎ ወይም «እንዴት» ወደሚለው ካመራ ደግሞ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ሰው አስከትለው በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እብደት ነው ወይ ላሉኝ፣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የሥራ ዝለትን በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፤ ጉልበት ተሟጦ ማለቁ፣ ልብ ከሥራው መሸሹ፣ ብሠራም ለውጥ አላመጣም የሚል ስሜት ማደሩ። ድርጅቱ ይህን በሽታ አላለውም፤ አያያዙ ካልተስተካከለ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ያለው። የእርስዎ ነገር ግን ከዚያ ያለፈ ይመስለኛል። ዝለት ብቻ ቢሆን ከሥራ ሲርቁ ትንሽም ቢሆን ቀለል ይልዎት ነበር። ሐዘኑ እሑድም የማይለቅ፣ እህል የሚያስጠላ፣ ከልጆች ጋር መጫወትን እንኳ የሚያስጠላ ከሆነና ሁለት ሳምንት ካለፈው ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

ስለ 96ቱ ልጆች አንድ ነገር ልበልዎ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3፣ ከ2015ቱ 3.2፣ ከ2016ቱ ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። ይህን የምነግርዎ ኃላፊነት የለብዎትም ለማለት አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲጓደል የኖረውን የአገር ዕዳ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብቻዎን ሊከፍሉት አይችሉም። ለሚቀጥለው ግምገማ ባዶ እጅዎን አይግቡ። መምህር ያልነበረባቸውን ክፍለ ጊዜዎች፣ መንገድ ተዘግቶ ትምህርት የተቋረጠባቸውን ቀናት፣ የለቀቁትን መምህራን በአንድ ወረቀት ጽፈው፣ ከስብሰባው በፊት ሱፐርቫይዘሩን ለብቻው ያነጋግሩ።

አረቄው ያስተኛዎታል፤ ያው አረቄ ግን ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ እንቅልፉን ይረብሸዋል። የ9 ሰዓቱ መንቃት አንዱ ምክንያት እርሱ ሊሆን ይችላል። መጠኑ የጻፉልኝ ብቻ ከሆነ ይተዉት። ከዚያ ከበለጠ ግን በድንገት ማቆም ይጎዳል፤ ለሐኪም እውነተኛውን መጠን ይንገሩ። ከቀትር በኋላ ቡና ይቅርብዎ፤ ቢተኙም ባይተኙም ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሡ።

አሁን ወደዚያች በር። የዛሬን አያድርገውና እኔም ለ11 ዓመት መምህር ነበርኩ፤ ወደ አእምሮ ሕክምና ነርስነት የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። በ2001 ዓ.ም. ደሴ አካባቢ ባዮሎጂ ሳስተምር እናቴ ዐረፈች። ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። 8ኛ ሐ ክፍል ሰሌዳው ላይ «ሕዋስ» ብዬ ጽፌ ቀጣዩ ቃል ጠፋኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ 70 የሚሆኑ ልጆች ዝም አሉ። ርዕሰ መምህራችን በመስኮት አይተውኝ ኖሮ ገቡና ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ። «ልጄ፣ ይህችን ክፍለ ጊዜ እኔ ልያዝልሽ፤ አንቺ ሄደሽ ሻይ ጠጪ» አሉኝ። የታሪክ መምህር ስለነበሩ ባዮሎጂውን ትተው ለልጆቹ ስለ መቅደላ አወሩላቸው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ያዙልኝ። ምን ሆነሽ ብለው አላስጨነቁኝም፤ መናገር ስችል ራሴ ነገርኳቸው። ዛሬም ጠመኔ ባየሁ ቁጥር የእርሳቸው እጅ ትዝ ይለኛል።

እርሳቸውም በዚያ ዓመት ደልቷቸው አልነበረም። ስለዚህ እስክድን ልጠብቅ አይበሉ። ሰኞ ያንኑ በር ከፍተው ይግቡና «ሐሙስ አይቼሽ ነበር፤ የምልሽ ጠፍቶኝ ተመለስኩ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» ይበሏት። ከዚያ ይቀመጡና ይስሟት፤ ለመምከር አይቸኩሉ። ደርባ ከያዘችው አንዱን ክፍል ለጊዜው እርስዎ ወይም ምክትልዎ ይያዙላት። ቃለ ጉባኤ መጻፍና የበር ተረኝነት ካለባት ያንሡላት። ደመወዝ መጨመር አይችሉም፤ ይህን በእጅዎ ያለውን ግን ይችላሉ።

ሌላም አለ። የወረዳው የሪፖርት ትእዛዝ በቴሌግራም ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲደርስዎ ያኔውኑ ለመምህራኑ አያስተላልፉት፤ በማግስቱ ጠዋት ይድረሳቸው። የእርስዎ ሌሊት ወደ እነርሱ ቤት አይግባ።

ለሕክምናው ከጤና ጣቢያዎ ይጀምሩ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሊልኩዎት ይችላሉ። «አማኑኤል» የሚለውን የሆስፒታል ስም ለስድብ ስንጠቀምበት ስላደግን ብዙዎቻችን ሰው ያየኛል ብለን እንሸሻለን፤ በዚህ ፍርሃት ዓመታት ያጡ ሰዎችን በየሳምንቱ አያለሁ። መድኃኒት ከታዘዘልዎ ለውጡ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃልና አያቋርጡት። ጠበል የሚሄዱ ከሆነም ይሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን አይተዉት።

ለባለቤትዎ ከነገሯት በኋላ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። እጠብቃለሁ።