ወገቤ ተቆረጠ ለሚላችሁ ሰው

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ፊዚዮቴራፒ ጨርሳችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ለምትመደቡት ነው። ነርሶችና ጤና መኮንኖችም ብታነቡት አይከፋም። የወገብ ሕመምተኛ የማይገባበት ክፍል የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው ወገቡን ያመው ነበር።

ከማስረዳታችሁ በፊት «ምን ይመስልዎታል ያመመዎት?» በሉ። እኛ ዘንድ መልሱ ብዙ ጊዜ ኩላሊት ነው። ወገቡን ይዞ የገባው ሰው ኩላሊቱ እንዳለቀለት በልቡ ጨርሷል። ይህን ሳታነሱ ስለ ጡንቻና ጅማት ብትደረድሩለት አይሰማችሁም። የሚገርመው ደግሞ ለዚያው ሕመም ያለ ማዘዣ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እየገዛ ይከርማል። መድኃኒቱ ሲበዛና ሲደጋገም ጨጓራንም፣ ያንኑ የፈራለትን ኩላሊትም ይጎዳል። በግልጽ ንገሩት።

ሁለተኛው ፍርሃት ዲስክ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ ነው። ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) የተነሳ ሰው ውጤቱን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አጥፎ ይዞ ይመጣል። ምንም የማያማቸው ሰዎች ቢነሱ እንኳ፣ ከ20 ዓመት ወጣቶች ከሦስቱ አንዱ ላይ የዲስክ ማርጀት ምልክት ይገኛል። 80 የደረሱት ላይማ ሁሉም ጋ ማለት ይቻላል። ወረቀቱን ከማንበባችሁ በፊት ይህን ብትነግሩት ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «ከባድ ነገር አታንሳ፣ አትጎንበስ፣ ተኛ» የሚባለው ምክር። ደሴ ሸዋ በር ጆንያ የሚያወርድ ሰው ካላነሳ ምን ይበላል? መተኛቱም አይጠቅመውም፤ ወገብ ሥራ ሲፈታ ይደክማል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። ድንገት የያዘው አብዛኛው ሕመም ሰውየው እየተንቀሳቀሰ በጥቂት ሳምንት ይቀላል። ስለዚህ ክልከላውን ትታችሁ ሥራውን አብራችሁት ከፋፍሉ። የ20 ሊትሩ ጄሪካን ዳገት የሚወጣ ከሆነ ለጊዜው በ10 ሊትር ሁለቴ ይሁን። «ሶላቴን ወንበር ላይ ልስገድ?» የምትል እናት ካለች፣ ሕመሙ እስኪቀል ወንበር ላይ መስገድ ብትችልም፣ ጎንበስ ማለት አከርካሪዋን እንደማይሰብረው ንገሯት። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መኪና ላይ የምትውለዋን ልጅ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። ቀኑን ሙሉ በአንድ አቀማመጥ መዋሉ ነው የሚያደክማት። አለቃዋ ሳይቆጣ መቼ መቼ መነሳት እንደምትችል ከእሷ ጋር አስቡ።

የወገብ ቀበቶ ግዙልኝ የሚሉም አይጠፉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ትምህርትንና እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ቀበቶንና ወገብ መጎተትን አይመክርም።

ግን ሁሉንም «አይዞዎት» ብላችሁ አትሸኙ። ሌሊት የሚያልበው፣ የከሳ፣ ትኩሳት ያለው ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊኖርበት ይችላል። እግሩ የዛለ፣ ሽንቱ እምቢ ያለ ወይም የሚያመልጠው፣ መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ ሰው ደግሞ የዚያኑ ቀን ሪፈር ይጻፍለት። የመጨረሻውን ማንም በፈቃዱ አይነግራችሁም፤ ነውር ነው። አንድ ወጣት ወንድ እናቱ የምትሆንን ሴት እንዴት ይጠይቃት? እኔ «እማማ፣ ሲታጠቡ ሰውነትዎ እንደ ድሮው ይሰማዎታል?» እላለሁ። ይገባቸዋል፣ አያፍሩም።

ከመሸኘታችሁ በፊት «እቤት ሲገቡ ለልጅዎ ምን ይሉታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አጥንቴ ተበልቷል፣ ከእንግዲህ ሥራ የለም» ከሆነ ካርዱን መልሳችሁ ክፈቱ። በር ላይ ያለው ወረፋ ቢያጉረመርምም እንደገና አስረዱ።