አልቲሜትሮቹ እኩል እያነበቡ ለምን ዝቅ ይላል?

ሁለቱ አልቲሜትሮች (የከፍታ መለኪያዎች) እኩል እያነበቡ አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ እንዴት ከሚገባው በታች እንደሚወርድ ነው የጠየቅከው። ሁለታችሁም አብራሪዎች አልቲሜትሮቹ ላይ የሞላችሁት የአየር ግፊት ቁጥር ራሱ ስህተት ከሆነ ይወርዳል። እርስ በርስ ማመሳከሩ የሚያሳየው መስማማታችሁን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 ፓሪስ ሻርል ደጎል ላይ የአየር ትራፊክ ቁጥጥሩ 1001 ማለት ሲገባው 1011 ብሎ ሰጠ። ቁጥሩ ከትክክለኛው ሲበልጥ አልቲሜትሩ ከእውነተኛው ከፍታ በላይ ያነባል፤ አንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) 28 ጫማ ገደማ ነው። ኤርባስ ኤ320ው 280 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ መጣ፤ አይኤልኤስም (ከመሬት በሬዲዮ ሞገድ የማረፊያ መስመሩን የሚያሳየውን መሣሪያ) አልተጠቀመም። ሜዳው ጋ ሳይደርስ ከመሬት 6 ጫማ ብቻ ቀርቶት ነበር! መሬቱም አልታያቸውም።

ስለዚህ በሬዲዮ የተሰጠህን ቁጥር ከኤቲስ (የኤርፖርቱን የአየር ሁኔታ ከሚያሰማው የተቀዳ የሬዲዮ መልእክት) ከጻፍከው ጋር አስተያይ። ከተለያዩ ወዲያው ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲሙሌተር ላይ ካፒቴኑ ቁጥሩን ሲያነብ እኔ ወረቀቴን ሳላይ "ቼክድ" (አረጋግጫለሁ) ብዬ አውቃለሁ። አፍ ይለምዳል። መጀመሪያ ወረቀትህን እይ፣ ከዚያ መልስ።