ለፈረስ የሚሆነው ድርቆሽ የትኛው ነው? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ የሚመጣውንና በአካባቢዬ የሚታጨደውን ድርቆሽ በምን ላወዳድር?

መልስ፦ ከመጣበት ቦታ ይልቅ የታጨደበትን ጊዜ ይጠይቁ። ክረምቱ አልፎ ሳሩ ማበብ ሲጀምር፣ በጥቅምት ገደማ የታጨደው ቅጠሉ ብዙ፣ አገዳውም ለስላሳ ነው፤ ዘሩ እስኪረግፍ ቆይቶ በታኅሣሥ የታጨደው ግን እስሩ ቢያምርም አብዛኛው የደረቀ አገዳ ነው። አንድ እፍኝ ጨብጠው ይጠምዝዙት፤ መዳፍዎን ከወጋ የፈረሱንም አፍ ይወጋል። ሰርዶና ማገጥ የተቀላቀለበት ካገኙ አይለፉት፤ ሰንበሌጥ የበዛበትን ለቤት ክዳን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ውጩ የነጣ እስር ልግዛ?

መልስ፦ ፀሐይ ያነጣው ውጩ ብቻ ከሆነ አያሳስብም። ገመዱን ሻጩ ፊት አስፈትተው እጅዎን እስከ መሃሉ ያስገቡ። ውስጡ ከሞቀ፣ ከረጠበ ወይም ሲበተን ነጭ ብናኝ ከተነሣ፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አይግዙት፤ ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል የበላው ሻጋታ ሆዱን ያውከዋል፣ ብናኙም የማይለቅ ሳል ያመጣበታል። አስተናግር የሚባለውን መርዛማ አረም ካዩበትም ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ላሞቹን በዝሆኔ ሳር ያደልባል። ለፈረሴ ብሰጠውስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ዝሆኔ ሳር ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል፤ ይህም ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዘው ወደ ደም አይገባም። በላም ጨጓራ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት አብዛኛውን ይሰባብሩታል፤ ፈረስ ግን በዚያ መንገድ አይፈጭምና የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ ይወስዳል፤ ለወራት ዋና ምግቡ ከሆነ ያነክሳል፣ የፊቱም አጥንት ያብጣል። ፎስፈረስ የሚበዛበት ፉርሽካ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል። የተዘራ ሳር ከፈለጉ ኦክሳሌቱ አነስተኛ የሆነውን ሮደስ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ የጤፍ ጭድ ብቻውን ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ከድርቆሽ ጋር ቀላቅለው፣ ውኃም ሳያጓድሉ ይስጡት።

ጥያቄ፦ በቀን ምን ያህል ልስጥ?

መልስ፦ ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል፤ ለ230 ኪሎ የጋሪ ፈረስ 5 ኪሎ ገደማ ድርቆሽ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ከመከመር ከፋፍለው ይስጡት፤ ሌሊት እንዳይራብም የሚበልጠውን ድርሻ ለማታ ያቆዩለት። ድርቆሽ ሲቀይሩም አዲሱን ከነባሩ ጋር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ያለማምዱት።