በክረምት የሚወለዱ ግልገሎች ለምን ይሞታሉ? የአንባቢዎች ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሙ መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ በጅማ ዞን ሰርቦ አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። አሥራ አንድ እናት በጎችና አንድ አውራ በግ አሉኝ። ባለፈው ሐምሌ ከተወለዱት ዘጠኝ ግልገሎች አራቱ ሦስት ቀን ሳይሞላቸው ሞቱብኝ። ሲወለዱ ደህና ነበሩ፤ ሌሊቱን ግን ተኮራምተው ያድሩና ጠዋት አፋቸው ቀዝቅዞ እናገኛቸዋለን። ወፍራሙ የመጀመሪያ ወተት ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣልም ስለተባልን አልበን መሬት ላይ እናፈሰዋለን። ጎረቤት ዓይን በልቷቸው ነው ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ደብዳቤዎን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ተመልሼ የቆምኩት መሬት ላይ ይፈሳል ካሉት ወተት ላይ ነው። ያ ወተት እንገር ነው። በግ በሽታ የመከላከል አቅሟን በእንግዴ ልጁ በኩል ለጽንሷ ስለማታስተላልፍ፣ ግልገሉ ከማህፀን የሚወጣው ባዶ እጁን ነው፤ ከበሽታ የሚጠብቀው ነገር ሁሉ በእንገሩ ይመጣለታል። አንጀቱ ይህን አቅም በሚገባ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በሩ እየጠበበ ሄዶ 24 ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል። ስለዚህ እንገሩን አፍስሶ በማግሥቱ ጥሩ ወተት ማጥባት የመጀመሪያውን ጉድለት አይተካም። እንገር እንደሚያስቀምጥ እውነት ነው፤ የሚያስወጣው ግን በማህፀን ሳለ የተጠራቀመውን ጥቁር ዓይነ ምድር በመሆኑ ልንፈልገው ይገባል እንጂ ልንፈራው አይገባም። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ግልገል በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የቡና ሲኒ ገደማ፣ በቀኑና በሌሊቱ ደግሞ በጠቅላላው እስከ 600 ሚሊ ሊትር ሊያገኝ ይገባዋል። ከእያንዳንዱ ጡት ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ አልበው የደፈነውን ጫፍ ይክፈቱ፤ የቀረውን ለግልገሉ ይተዉለት።

ሁለተኛው ገዳይ ብርድ ነው። የሰርቦ አካባቢ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሐምሌ ሌሊት ርጥበት ካልደረቀ ጠጉር ጋር ሲገናኝ፣ ግልገሉ ይዞት የተወለደውን ጥቂት ስብ በሰዓታት ውስጥ አቃጥሎ ይጨርሰዋል። ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ፤ አፉ ከቀዘቀዘ አደጋ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ግልገል የመዋጥ ኃይል ስለማይኖረው ወተት ቢግቱት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በደረቅ ጨርቅ አሽተው፣ ጢስ ከሌለበት ፍም ርቀው አሙቀውት፣ ራሱን ቀና ማድረግ ሲችል ያጥቡት። ከተወለደ አምስት ሰዓት አልፎት ምንም ሳይጠባ የቀዘቀዘ ግልገል ግን ስኳሩን ጨርሷልና ማሞቁ ብቻውን ሊያንፈራግጠው ስለሚችል፣ ሐኪም ጠርተው አስቀድሞ ግሉኮስ እንዲሰጠው ያድርጉ።

ስለ በረቱ ብዙ አልጽፍም፤ ጣሪያው የማያፈስ፣ ወለሉ ከፍ ብሎ ያዘነበለ፣ ጉዝጓዙ በየቀኑ የሚለወጥ ደረቅ የጤፍ ጭድ ይሁን። በየመፈልፈያው ደጃፍ ተቆልሎ የሚገኘው የቡና ገለባ ቢያጓጓም፣ ሲረጥብ ይሻግታል፤ የተራበች በግም ትበላዋለች፤ ስለዚህ ለወላድ በግ አልመርጠውም።

ዋናው ምክሬ ግን ግልገል በሐምሌ እንዳይወለድ ማድረግ ነው። የእኛ አገር በጎች ዓመቱን ሙሉ በአውራ የሚጠቁና የሚፀንሱ ስለሆኑ የመውለጃውን ወር የሚወስኑት አውራውን የሚያስሩትና የሚለቁት እርስዎ ነዎት። እርግዝናው 150 ቀን ያህል፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ አምስት ወር ነው፤ ጳጉሜን መሐል ከገባች ብቻ አምስት ቀን ይቀንሱ። ሰኔ 1 የተጠቃች በግ ጥቅምት 26 ገደማ ትወልዳለች ማለት ነው። ያኔ ዝናቡ እየበረደ፣ ሣሩም ገና ለምለም እንደሆነ እናቲቱ በቂ ወተት ይኖራታል። ለፋሲካ ገበያ የሚሆን ጠቦትም በጊዜው ይደርስልዎታል፤ የአረፋ ገበያ ግን በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ በዚህ ስሌት አይያዝም። አውራውን ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ብቻ ከእናቶቹ ጋር ያድርጉት፤ ይህ ጊዜ ለአንዲት በግ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የመጠቃት ዕድል ይሰጣል። ዘንድሮ ትንሽ ጊዜ ያባክንብዎታል፤ በእኔ ግምት ከአራት ግልገል ሞት ይሻላል።

ጽንሱ በአብዛኛው የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት በመሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ለእያንዳንዷ በቀን ሁለት እጅ ፉሩሽካና አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ተቀላቅሎ 300 ግራም ያህል ይስጡ፤ ጨውም አይጉደል። በረግረግ ዳር የሚግጡና ከመንጋጋቸው በታች የሚያብጡ ካሉ የጉበት ትል ስለሚያጠራጥር ለሐኪም ያሳዩ። የትል መድኃኒት የሆነውን አልቤንዳዞልን ግን አውራው ከእናቶቹ ጋር ባለበት ጊዜና ከተለየ በኋላ ባለው አንድ ወር አይስጡ፤ ጽንሱን ሊያበላሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ በጌ መንታ ወልዳ አንዱን እየወጋች ታባርረዋለች። የላም ወተት ላጠጣው?

ከአጋሮ

መልስ፦ አስቀድመው የእናቲቱን ግት ይዳስሱ። በአንዱ በኩል የሚግል፣ የጠጠረ ወይም የቆሰለ ከሆነ የምታባርረው ስለሚያማት ነው፤ መታከም አለባት። ግቷ ደህና ከሆነ እናቲቱንና ሁለቱን ግልገሎች መዞር በማይቻልበት ጠባብ ጋጣ ውስጥ ለሁለት ሦስት ቀን ይዝጉ፤ የተጠላውን በሽርት ውሃው ወይም በወንድሙ እርጥበት አሹት፤ በቀን ደጋግመው እናቲቱን በአንገቷ ይዘው ያጥቡት። በግ ልጇን የምትለየው በጠረኑ ስለሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ካልሠራ የላም ወተት ይጠቅማል፤ የበግ ወተት ከላም ወተት ይልቅ ስብ ስለሚበዛበት ውሃ ፈጽሞ አይጨምሩበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየአራት ሰዓቱ ለብ አድርገው በጡጦ ይስጡት። በጎረቤት የወለደች ላም ካለች እንገሯን መለመን አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ በጌን ምጥ ሲጠናባት መቼ ነው እጄን የማስገባው? በግ ስትወልድ ምራቴ ታግዘኛለች።

ከሰቃ

መልስ፦ የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ እያማጠች አንድ ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ጭራ ብቻ፣ አንድ እግር ብቻ ወይም እግር የሌለው ራስ ከታየ ነው። ትክክለኛው አመጣጥ ሁለት የፊት እግሮች፣ በላያቸውም አፍንጫ ነው። እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ ጓንት አድርገው፣ የሚጎትቱት ከምጧ ጋር ወደ ታች ብቻ ይሁን። እንግዴ ልጁ እስከ ማግሥቱ ካልወጣ ጎትተው አይበጥሱት፣ ሐኪም ይጥሩ። በግ ስትወልድ ምራትዎ ታግዘኛለች ብለው የጻፉትን ግን አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ምራትዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ከምጥ በግም ሆነ ከእንግዴ ልጅ ይራቁ፤ በጽንሳቸው ላይ ጉዳት የሚያደርሱ በሽታዎች ከበግ ወደ ሰው በዚያ መንገድ ይተላለፋሉ። እንግዴ ልጁንም ውሻ እንዳይበላው በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት።