ኡታዳ፣ ሃማሳኪ ወይስ አሙሮ? መጀመሪያ ምን እንደምትቆጥር ለይ

ጥያቄህ «ከጃፓን ሴት ድምፃውያን ትልቋ ማናት፦ ኡታዳ ሂካሩ፣ ሃማሳኪ አዩሚ ወይስ አሙሮ ናሚዬ?» የሚል ነው። በሽያጭ ከሆነ አንድ መልስ አለው፣ በአሻራ ከሆነ ሌላ።

ሽያጭ ላይ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁለት ዓይነት ቁጥር ስለሚደባለቅ ነው። የጃፓን የሙዚቃ ሽያጭ ሰንጠረዥ የሆነው ኦሪኮን ከ1968 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ገዢው እጅ የገባውን ይቆጥራል። የሙዚቃ አሳታሚዎቹ ማኅበር የሚሰጠው የወርቅና የፕላቲነም ማዕረግ ግን ወደ ሱቅ በተላከው ልክ ነው፤ ሳይሸጥ መደርደሪያ ላይ የቀረውም እዚያ ውስጥ አለ። አንዱን ዘፋኝ በኦሪኮን፣ ሌላውን በማኅበሩ ቁጥር ከመዘንክ ሚዛኑ ከመነሻው ተዛብቷል።

በኦሪኮን ብቻ ስንሄድ፣ በአንድ አልበም ኡታዳን የሚደርስባት የለም። ማርች 1999 የወጣው «ፈርስት ላቭ» ከ7.6 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ያኔ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። በጠቅላላ ድምር ግን ከ50 ሚሊዮን በላይ የሸጠችው ሃማሳኪ ትበልጣለች፤ ከ2001 እስከ 2003 የጃፓን ሬከርድ ሽልማትን ሦስት ዓመት በተከታታይ የወሰደችም እሷ ናት። በነጠላ ዜማ የ1997ቱ የአሙሮ «ካን ዩ ሴሌብሬት?» ከ2 ሚሊዮን አልፎ ከሴቶች ቀዳሚ ነው።

ማርች 28፣ 2001 ኡታዳና ሃማሳኪ በአንድ ቀን አልበም አወጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ኡታዳ 3 ሚሊዮን፣ ሃማሳኪ 2.87 ሚሊዮን ገደማ ሸጡ። «ኡታዳ አሸነፈች» የሚሉ አንድ ነገር ይዘላሉ፦ የኡታዳ አዲስ ሥራ ነው፣ የሃማሳኪ ደግሞ የቆዩ ምርጦች ስብስብ። ሕዝቡ አስቀድሞ የገዛቸውን ዘፈኖች እንደገና ያን ያህል ማስገዛት በበኩሌ ከማሸነፍ አያንስም።

ዘመን ተሻግረህ ስታወዳድር ደግሞ የኮፒ ብዛት አትጠቀም። የሲዲ ገበያው ጣሪያ የነካው 1998 አካባቢ ስለሆነ የዚያ ዘመን ዘፋኝ ሁሉ ግዙፍ ይመስላል። የ80ዎቹ ዘፋኝ ማትሱዳ ሴይኮ ከ1980 እስከ 1988 በተከታታይ 24 ነጠላ ዜማ አንደኛ አውጥታለች፤ በኮፒ ብትቆጥራት ግን ከ90ዎቹ ልጆች ታንሳለች። ስለዚህ በደረጃ መዝናት።

አሻራ ሌላ ነገር ነው። ዘፋኟ ናካጂማ ሚዩኪ በ2000 ያወጣችው የአንድ ዶክመንተሪ ፕሮግራም ማጀቢያ ዘፈን ከ170 ሳምንት በላይ ከሰንጠረዡ መቶ ቀዳሚዎች ሳይወጣ ከረመ። አንደኛ የሆነው ግን ጃንዋሪ 2003 ነው፤ በ2002 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ከኩሮቤ የኃይል ማመንጫ በቀጥታ ከዘፈነችው በኋላ። የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭን ብቻ የሚያይ ሰው እንዲህ ያለውን ዘፈን አያገኘውም። ዘፋኝና የዜማ ደራሲ የሆነችው ማትሱቶያ ዩሚም እንዲሁ በከፊል ትሰወራለች፤ በብዕር ስም ለማትሱዳ የሠራቻቸው ዜማዎች የሚቆጠሩት በማትሱዳ ስም ነው።

ዘፋኟን ሚሶራ ሂባሪን ሳይጨምሩ ስለ አሻራ ማውራት አይቻልም። በ1989 ስታርፍ መንግሥት የሕዝብ ክብር ሽልማት ሰጣት፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። (ኤንካ በሚባለው የጃፓን የዘፈን ስልት የዘፈነቻቸው አሳዛኝ ዘፈኖቿ ለኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆኑት በከንቱ አይደለም፤ ብዙዎቹ የቆሙበት አምስት ድምፅ ያለው ስኬል ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው።)

ወደ ሦስቱ ስመለስ፣ በአሻራ ኡታዳን አስቀድማለሁ። ዘፈኖቿን የምትጽፈው ራሷ ናት፣ የአር ኤንድ ቢ አዘፋፈንንም የጃፓን ዋና ፖፕ አድርጋዋለች። በ2022 በአልበሙ ስም በሚጠራው ዘፈን መነሻነት የተሠራው የኔትፍሊክስ ድራማ ሲወጣም «ፈርስት ላቭ» ከ23 ዓመት በኋላ ሰንጠረዥ ላይ ተመለሰ። አሙሮ በአለባበስ ትበልጣታለች፤ በ90ዎቹ አጋማሽ ቀጭን ቅንድብ፣ አጭር ቀሚስና ረጅም ቦት አድርገው የሚከተሏት ልጆች «አሙራር» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። ሴፕቴምበር 2018 መድረክ ለቀቀች፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዘፈኖቿ ከስትሪሚንግ ወርደዋል። የዛሬን አድማጭ በስትሪሚንግ ቁጥር የምታወዳድር ከሆነ እሷን ከስሌቱ አውጣት፤ ለመስማትም ሲዲውን መፈለግ ይኖርብሃል።