ቅርፊቱን በስተው የቆሙትን ጫጩቶች ላውጣቸው ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአዳማ 40 የዶሮ እንቁላል አስመጥተሽ ደብረ ብርሃን ቤትሽ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ውስጥ አስገብተሻል። ዛሬ 21ኛው ቀን ነው። 14 ወጥተዋል። 5 ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ቅርፊቱን በስተው እንደቆሙ ናቸው። ከወጡት አንዷ እግሮቿ ግራና ቀኝ ተከፍተው መቆም አቅቷታል። «ሰብሬ ላውጣቸው ወይስ ልተዋቸው?» ነው ያልሽው።

አስቸኳዩን ላስቀድም። ዛሬ አትንኪያቸው። ክዳኑንም አትክፈቺው።

ጫጩት ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ ዝም የሚለው ደክሞት ብቻ አይደለም። እዚያ ውስጥ ሥራ አለው። በሳንባው መተንፈስ እየለመደ ነው። ቅርፊቱን ከውስጥ በሸፈነው ስስ ቆዳ ላይ ያለው ደም ወደ ሰውነቱ እየተመለሰ ነው። የተረፈው አስኳል በእምብርቱ በኩል ወደ ሆዱ እየገባ ነው። ይሄ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈጃል። የአንቺዎቹ ገና ናቸው።

እኔ ይህን የተማርኩት ጫጩት ገድዬ ነው። መጀመሪያ ስፈለፍል አላስችል አለኝና ሦስቱን በጥፍሬ ቅርፊታቸውን እየላጥኩ አወጣኋቸው። አንዱ እጄ ላይ ደማ። አንዱ አስኳሉ ግማሹ ከሆዱ ውጭ ነበር። ሦስቱም አላደሩም። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ልጅ ሆኜ እናቴ ጭድ በተነጠፈበት ስባሪ እንስራ ውስጥ ነበር ዶሮ የምታስታቅፈው። ዶሮዋ ሌላ ጊዜ ለጥሬና ለውሃ ብድግ ትላለች። የመጨረሻዎቹን ቀናት ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። እኛ ልጆቹ ልናይ ስንጠጋ እናቴ ትቆጣን ነበር። ማሽን ከገዛሁ በኋላ ነው ቁጣዋ የገባኝ። ክዳኑን በከፈትሽ ቁጥር እርጥበቱ ይወጣል። ያ ስስ ቆዳ እንደ ወረቀት ይደርቅና ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ መዞር አይችልም። መዞር ካልቻለ ደግሞ ቅርፊቱን ዙሪያውን ሰብሮ መውጣት አይችልም።

የወጡት 14ቱ ይራባሉ ብለሽ አትጨነቂ። ሆዳቸው የገባው አስኳል ሁለት ቀን ይይዛቸዋል። እዚያው ይድረቁ።

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዪ። ቀዳዳው ሳይሰፋ 24 ሰዓት ከሞላው፣ ቆዳውም ደርቆ ቡናማ ከሆነ፣ ያኔ እርጂው። እጅሽን ታጠቢ። ክፍሉን አሙቂ። ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ ቆዳውን አርጥቢው። ምንቃሩንና አፍንጫውን ግን ውሃ እንዳይነካው። ከቀዳዳው ጀምረሽ በወፍራሙ ጫፍ በኩል ቅርፊቱን ብቻ ጥቂት ጥቂት አንሺ። ቀይ የደም ሥር ካየሽ ወይም ጠብታ ደም ከወጣ አቁሚ። ወደ ማሽኑ መልሺውና ለብዙ ሰዓት ተይው። ደም ከሌለ የላይኛውን ቆብ አንሺለትና ታችኛውን ራሱ ገፍቶ ይውጣ። ጎትተሽ አታውጪው። እምብርቱ ያለው ከታች ነው።

መቆም ወዳቃታት ጫጩት እግር ልምጣ። ይሄ የሚድን ነገር ነው፣ ግን የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ወሳኝ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሚያንሸራትት ወለል ነው። ጋዜጣ ላይ አታስቀምጫቸው። አሮጌ ፎጣ አንጥፊ። የቁስል ፕላስተር በቀጭኑ ቁረጪና ሁለቱን እግሮቿን አገናኚያቸው። በመሃላቸው ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ይኑር፣ ማለትም በደንብ ስትቆም የሚኖራት ያህል። አታጥብቂው። በየቀኑ ፈትተሽ እዪላት። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ብዙዎቹ ይቆማሉ። በዚህ መሃል ወደ ውሃና ምግብ መድረስ ስለሚያቅታት አንቺ አድርሻት። ሌሎቹ ከረገጧት ለብቻ አድርጊያት፣ ግን የሚያያት አንድ ጓደኛ ጨምሪላት። ብቻዋን የቀረች ጫጩት እየጮኸች ጉልበቷን ትጨርሳለች።

አንገቱን ለደፋ፣ ዓይኑን ለሚጨፍን ጫጩት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። ሰው ቶሎ ሊያበላ ይሞክራል። የቀዘቀዘ ጫጩት ግን ምግብ አይፈጭም። አሙቂው። ሲነቃ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠሽ የምንቃሩን ጫፍ ብቻ ንከሪለት። በሲሪንጅ ጉሮሮው ውስጥ አትጨምሪ። ሳንባው ይገባና ይገድለዋል። የስኳሩ ውሃ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው፣ ከዚያ ንጹህ ውሃ። ቂጡ ላይ ኩስ ደርቆ የተደፈነ ካገኘሽ በሞቀ ውሃ አለስልሰሽ እጠቢው። በደረቁ ከነቀልሽው ቆዳውም ይነሳል። ካጠብሽው በኋላ በደንብ አድርቀሽ ወደ ሙቀቱ መልሺው።

ደብረ ብርሃን ሌሊቱ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ባሉበት ቁመት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ ቀንሺ። ግን ከቴርሞሜትሩ ይልቅ እነሱን እዪ። አምፖሉ ስር ተደራርበው ከጮሁ በርዷቸዋል። ጥግ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ከተኙ ልክ ነው። አምፖል ስትገዢ የድሮውን ባለ ክር ጠይቂ። ኤልኢዱ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። መብራት ሲጠፋ የፈላ ውሃ በሃይላንድ ሞልተሽ (ትንሽ በርዶ፣ አለዚያ ፕላስቲኩ ይኮማተራል) በካልሲ ጠቅልለሽ መሃላቸው አስቀምጪ። ካርቶኑን በብርድ ልብስ ሸፍኚው፣ ግን አየር የሚገባበት ተይለት። ከሰል ግን በፍጹም። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ጭሱ ሳይታይሽ እነሱንም አንቺንም ይገድላል።

ሰፈርሽ ውስጥ የታቀፈች የሀበሻ ዶሮ ካለች ከዚህ ሁሉ ትገላግልሻለች። ሌሊት ጨለማ ውስጥ እንቁላሎቹን አንስተሽ ጫጩቶቹን ከስሯ ሸጉጪ። ብዙ ቀን የታቀፈች ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ትቀበላቸዋለች። ንጋት ላይ ግን ቆመሽ ተመልከቻት። ከነከሰቻቸው ቶሎ አንሺያቸው።

ውሃውን ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር ጨምረሽ ስጪ፣ እንዳይሰምጡ። ምግቡ የጫጩት ስታርተር ነው፣ ማለትም ለትንንሽ ጫጩቶች የተዘጋጀ መኖ። እስክታገኚ ድረስ የተቀቀለ እንቁላል አድቅቀሽ ብትሰጪ ለአንድ ሁለት ቀን ይሆናል። ክትባቱን አትርሺ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ስለሚመረት አቅራቢያሽ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቂና ቀኑን ያዢ።

አሁን ከ40 ለምን 14 ብቻ እንደወጡ። እኔ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው ከፍታው ነው። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ነው፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800። ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ከእንቁላሉ የሚተነው ውሃም ይበዛል። ቆላ የለመደች ዶሮ የጣለችው እንቁላል ደጋ ላይ ሲፈለፈል ይቸገራል። የሚቀጥለውን እዚያው ደብረ ብርሃን አውራ ዶሮ ካላት ጎረቤት ግዢ። (ከሱቅ የሚገዛው የፈረንጅ እንቁላል አይሆንም። አውራ ያልነካት ዶሮ እንቁላል ነው።) ከሳምንት በላይ ያልቆየ ይሁን። በመኪና ከመጣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገሽ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሳታሳርፊው አታስገቢው። እርጥበቱን ደግሞ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 ያዢ። ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጥም ይቆማል።

ሁለተኛው ቴርሞሜትሩ ነው። ማሽንሽ ፋን እንዳለው ጽፈሻል፤ እንዲህ ያለው 37.5 ዲግሪ ሙቀት ይበቃዋል። ግን ስክሪኑ 37.5 ስላለ ውስጡ 37.5 ነው ማለት አይደለም። የእኔው ማሽን በአንድ ዲግሪ ይዋሽ ነበር፣ ይህን ሳላውቅ ሁለት ዙር አበላሽቻለሁ። የሰው ትኩሳት መለኪያ ከፋርማሲ ግዢና የማሽኑን መለኪያ ከሱ ጋር አስተያዪው። ሙቀት ሲበዛ ጫጩት ቀድሞ ይወጣል፣ እምብርቱ ሳይዘጋ፣ እግሩም ደካማ ሆኖ። ሲያንስ ይዘገያል። የአንቺዎቹ የመጀመሪያዎቹ በስንተኛው ቀን እንደወጡ አልጻፍሽም። ንገሪን።

ያልወጡትን እስከ 23ኛው ቀን ጠብቂያቸው። ከዚያ ቶሎ አትጣያቸው። ውጭ ወስደሽ አንድ በአንድ ስበሪያቸው። ሽታው ያስቸግርሻል፣ አፍንጫሽን አስረሽ እዪ። ምንም የሌለበት ንጹህ አስኳል ከሆነ አውራ አላገኘውም ይሆናል። የደም ክብ ብቻ ካለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ሞቷል፣ እንቁላሉ አርጅቶ ወይም በመንገድ ተናውጦ ሊሆን ይችላል። ላባ አውጥቶ ሞልቶ የሞተ ከሆነ ግን ጥፋቱ የመጨረሻው ሳምንት ሙቀት፣ እርጥበት ወይም አየር ላይ ነው። ቆጥረሽ ስንት ስንት እንደሆኑ እዚህ ጻፊልን፣ አብረን እናያለን። የእግሯንም ነገር አሳውቂኝ።