መልስ፦ ክሎፕ አጥቂ ነበር ወይስ ተከላካይ?

አንተ «አጥቂ ነበር» ብለሃል፣ ጓደኛህ ደግሞ «ተከላካይ ነበር»። ከጓደኛህ ጋር አትጣላ፣ በዚህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በአሰልጣኝነት የሚታወቀው ዩርገን ክሎፕ በ1990 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) ማይንዝ የተባለው የጀርመን ክለብ ሲገባ አጥቂ ነበር። እንዲያውም በ1991 ኤርፉርት በተባለ ክለብ ላይ በአንድ ጨዋታ 4 ጎል አግብቷል፣ አይገርምም? ተከላካይ የሆነው በ1995 ነው፤ ጓደኛህ የሚያወራው ከዚያ በኋላ ስላለው ክሎፕ ነው።

በቡንደስሊጋ (የጀርመን ዋናው ሊግ) ተጫውቷል ያልከው ግን አያስኬድም። ለማይንዝ ያደረጋቸው 325 የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ናቸው። ዋናውን ሊግ ያየው በአሰልጣኝነት ነው፤ በ2001 ጫማውን ሰቅሎ ወዲያው ያንኑ ክለብ ተረከበ፣ በ2004 ወደ ቡንደስሊጋ አሳደገው፣ ከዚያ ዶርትሙንድ፣ ከዚያ ሊቨርፑል፣ ቀሪውን ታውቀዋለህ።

ከልምድ አንድ ነገር ልንገርህ፦ ቦታ በቀየረ ተጫዋች ላይ ከመወራረድህ በፊት «የትኛው ዓመት ላይ?» ብለህ ጠይቅ፣ አለበለዚያ የቡና ሒሳብ አንተ ላይ ነው።